ሻንት ለሚገባለት ሕፃን፦ ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንጎል ውስጥ ባሉት አራት ክፍተቶች ዘወትር ንጹሕ ፈሳሽ ይመነጫል። በአዋቂ ሰው የሚመነጨው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ወደ ደም ይመጠጣል። መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም ፈሳሹ በአግባቡ ሳይመጠጥ ሲቀር ይጠራቀምና አንጎልን መጫን ይጀምራል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ የሚሉት፣ በሰፈር ደግሞ «ጭንቅላቱ ውሃ ቋጠረ» የሚባለው ሕመም ይህ ነው። በስፋት የሚሰጠው ሕክምና ሻንት ማስገባት ነው፤ ይኸውም አንድ ጫፉ በአንጎል ክፍተት፣ ሌላው ጫፉ በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚያርፍ፣ መካከሉ ላይ ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለው ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር መዘርጋት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከባድ ቢሆንም በሠለጠነ እጅ የሚሠራ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ሕፃናትን ለጉዳት የሚያጋልጡት ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውጭ፣ በቤትና በአቅራቢያ ባለ ጤና ተቋም የሚፈጸሙ ስህተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ መጠበቅ ነው። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በተከታዮቹ 3 ወራት በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ እድገቱ ይበልጥ ይዘገያል። ከዚህ በጣም ፈጥኖ የሚያድግ ጭንቅላት፣ ተወጥሮ ያበጠ እርግብግቢት፣ በራስ ቅል ቆዳ ላይ ጎልተው የሚታዩ የደም ሥሮች፣ ወደታች ዘንበል ብለው ነጫቸው ከላይ የሚታይ ዓይኖች ለነገ የሚባሉ ምልክቶች አይደሉም። ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ስለሚሄድ፣ እናት «የራሱን ዙሪያ ለኩልኝ፣ ካርዱ ላይም ጻፉልኝ» ብላ ብትጠይቅ ምንም ወጪ የሌለበት፣ ነገር ግን ትልቅ ዋጋ ያለው ምርመራ አገኘች ማለት ነው። ከጀርባ ክፍተት ጋር የተወለደ ወይም በአራስነቱ ማጅራት ገትር የያዘው ሕፃን ደግሞ ምልክት ሳይጠበቅ በየጊዜው ሊለካ ይገባዋል። ልጃቸውን ጸበል የሚወስዱ ወላጆችም ጸበሉንና ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ። ጸበሉ እስኪያልቅ ተብሎ የሚያልፈው ጊዜ ግን የተጫነው አንጎል የማይመለስ ጉዳት የሚደርስበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል መዘግየት የሚፈጥረው፣ ከውጭ አገር ውድ ሻንት እስኪመጣ ድረስ ቀዶ ሕክምናውን ማቆየት ነው። ወላጅ ለልጁ የተሻለውን መመኘቱ የሚያስከብረው ነው፤ ሆኖም በኡጋንዳ 195 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሕንድ የሚመረተውን ርካሹን የቻብራ ሻንት በዋጋው እጅግ ከሚበልጠው «ኮድማን-ሃኪም» ከሚባለው ሻንት ጋር አነጻጽሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በውጤታቸው መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ሐኪሙ በእጁ ባለው ሻንት ለመሥራት ዝግጁ ከሆነ፣ ለውድ ዕቃ ሲባል ሳምንታትን ማባከን ልጁን አይጠቅመውም። ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፦ «ያለ ቱቦ፣ በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) አዲስ መተላለፊያ የሚከፈትበት ሕክምና ለልጄ ይሆናል ወይ?» የሚለው ነው። ለሁሉም ሕፃን አይሆንም፤ የተከፈተው መተላለፊያም ተመልሶ ሊዘጋ ስለሚችል ክትትሉ አይቀርም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጭንቅላቱ ወዲያው ትንሽ ይሆናል ብሎ መጠበቅም ብዙዎችን ያስከፋል። የሻንት ሥራ ግፊቱን መቀነስና አንጎሉን ማዳን ነው። የሰፋው የራስ ቅል በአብዛኛው በዚያው መጠን ይቆይና፣ ሰውነቱ እያደገ ሲደርስበት ተመጣጣኝ መስሎ ይታያል። «አልሠራም» ብለው ክትትል የሚያቋርጡ ቤተሰቦች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ አያቋርጡም ነበር።

ቁስሉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በእርግብግቢት ላይ ቅቤ ማድረግ በብዙ ቤት የተለመደ የአያቶች እንክብካቤ ነው፤ በሻንት ቁስል ላይ ግን ቅቤም ሆነ ማንኛውም ቅባት፣ ቅጠል ወይም ዱቄት መደረግ የለበትም። የሻንት ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በቱቦው ላይ ከተጣበቀ መድኃኒት ብቻውን አያጠፋውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻንቱ ወጥቶ፣ ኢንፌክሽኑ ታክሞ፣ እንደገና ሌላ ሻንት መግባት ይኖርበታል። ቆዳው እስኪድን ድረስም ሕፃኑን ቫልቩ ባለበት ጎን አለማስተኛት፣ ሲታዘልም አንቀልባው ወይም ሻሹ ቫልቩን እንዳይጫነው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ስህተት ግን የሻንት መዘጋትን ሌላ በሽታ አድርጎ ማከም ነው። በሕፃናት ከሚገቡት ሻንቶች ከ10 ሦስቱ ወይም አራቱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ፣ ይመረዛሉ ወይም በሌላ ምክንያት መሥራት ያቆማሉ። ይህ የሐኪሙ ድክመት ወይም የቤተሰቡ ጥፋት ነው ማለት አይደለም፤ የመሣሪያው ባሕርይ ነው፣ በሀብታም አገሮችም ይደርሳል። ችግሩ ምልክቱ ተራ መምሰሉ ነው። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከወትሮው ይልቅ ይተኛል፣ ያተኩሰውም ይሆናል። ቤተሰቡ በአቅራቢያው ወዳለው ክሊኒክ ይወስደዋል፤ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ «ታይፎይድ ነው» ይባልና ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል። ይህ ምርመራ አሁን ታይፎይድ ባይኖርም፣ ካለፈ ኢንፌክሽን የተነሳ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። ሻንቱ ተዘግቶ ከሆነ ውድ ቀናት ያልፋሉ፤ ሻንቱ ተመርዞ ከሆነም ትኩሳቱ ለጊዜው ይበርድና፣ በኋላ ከፈሳሹ ናሙና ባክቴሪያውን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

ስለዚህ ሻንት ያለበት ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ካንቀጠቀጠው፣ በትምህርቱ ድንገት ወደ ኋላ ከቀረ፣ በቱቦው መስመር ቆዳው ከቀላ ወይም ካበጠ፣ ሌላ ምክንያት በግልጽ እስካልተገኘ ድረስ ጥፋተኛው ሻንቱ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። ተቅማጥ ኖረም አልኖረም፣ ለሚያክመው ሰው አስቀድሞ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር «ሻንት አለበት» የሚል ይሁን፤ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለትም ይጠየቅ። የማይነቃ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው የሚደክም ልጅ በዚያው ሌሊት መወሰድ አለበት፤ እስከ ማለዳ መጠበቅ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች ሻንቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ቫልቭ በጣታቸው ይጫናሉ። ሐኪም ካላዘዘ ይህ መደረግ የለበትም፤ ቫልቩ ተጭኖ ቢመለስም ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ መደጋገሙም ጉዳት ያመጣል።

በተቃራኒው ልጁን ከዓለም መሰወርም ስህተት ነው። ሻንት ያለበት ልጅ ይከተባል፣ ይሮጣል፣ ትምህርት ቤት ይገባል። እንደ ቦክስ ያለ ጭንቅላት የሚመታበትን ስፖርት ከሐኪሙ ጋር መክሮ መለየት ይበቃል። «እንዳይነካብኝ» ተብሎ ቤት የሚቀር ልጅ፣ ሕክምናው ያተረፈለትን አንጎል የሚያሠራበት ዕድል ይነፈገዋል። መምህሩ ግን ምልክቶቹን ሊያውቅ ይገባል።

የመጨረሻው ሰነድን ችላ ማለት ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ የሻንቱ ዓይነት፣ የገባበት ጎንና ቀን የተጻፈበት ወረቀት፣ እንዲሁም ልጁ ደህና በነበረበት ጊዜ የተነሣው የሲቲ ስካን ምስል ሊኖር ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ የሚያየው ሐኪም የሚያነጻጽረው ከዚያ ጋር ነውና። ወረቀቱ ስለሚጠፋ በአባትም በእናትም ስልክ ፎቶው ይቀመጥ። ልጁ ወደፊት ለትርፍ አንጀት ወይም ለሌላ የሆድ ቀዶ ሕክምና ቢገባ የቱቦው ጫፍ በሆዱ ውስጥ መኖሩን ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ከውጭ በመግነጢስ የሚስተካከል ቫልቭ የገባለት ከሆነም ከእያንዳንዱ የኤምአርአይ ምርመራ በኋላ ልኩ አለመቀየሩ መታየት ይኖርበታል።