ሳፋ፣ ቆርኪና ጭቃ፦ በጠባብ የኬጂ ክፍል በጨዋታ ማስተማር

በመሀል አዲስ አበባ በርካታ መዋዕለ ሕፃናት የተከፈቱት ለመኖሪያ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ በመሆኑ ክፍሎቻቸው ጠባብ፣ ግቢያቸውም ሲሚንቶ ነው። በጨዋታ ማስተማር ሰፊ ሜዳና ውድ መጫወቻ ላላቸው ብቻ የሚሆን አድርገው የሚያስቡ መምህራን አሉ፤ እኔም ሥራ ስጀምር ከእነርሱ አንዷ ነበርኩ። ሆኖም «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ያወጣው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1837 ሥራውን ሲጀምር የተጠቀመው በክር ኳሶችና ከእንጨት በተሠሩ ቀላል ቅርጾች ነበር። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው መልሱን ከመናገር መታቀብ ነው።

ክፍሉን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አይሞክሩ። በሳምንት ሁለት ቀን 40 ደቂቃ መድበው አንድ ጥግ ብቻ ያዘጋጁ፤ ስድስት ወይም ሰባት ልጆች እዚያ ሲሠሩ የቀሩት ከረዳት መምህርቷ ጋር በሥዕል ወይም በተረት ይቆያሉ። ባዶ ጣሳና ጠርሙስ ከየቤቱ ይሰበሰባል፤ የጎደለውም ምናለሽ ተራ አይታጣም።

የመጀመሪያው ጥግ ውሃ ቢሆን እመርጣለሁ። ሰፊ ሳፋ እስከ ግማሹ በውሃ ይሙሉና አጠገቡ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ሎሚና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ያስቀምጡ። «የትኛው የሚሰምጥ ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ግምታቸውን ካዳመጡ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ። አንድ ቀን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ቆርኪውን አፉን ወደ ላይ አድርጋ ውሃው ላይ ስታኖረው ተንሳፈፈ፤ ጓደኛዋ ያንኑ ቆርኪ ሲወረውረው በጎኑ ገብቶ ሰመጠ። «የኔ ጀልባ ነው፣ ያንተ ድንጋይ ነው» አለችው። ስለ አየርና ክብደት ላብራራ አፌን ከፍቼ ሳለሁ፣ ደግነቱ፣ የሌላ ልጅ አፍንጫ መጥረግ ነበረብኝ። ስመለስ ልጁ ቆርኪውን ቀስ አድርጎ አኑሮ፣ በጣቱ ውሃ እያንጠባጠበበት፣ ስንት ጠብታ ሲገባበት እንደሚሰምጥ ይቆጥር ነበር። ይህን ጥያቄ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ስለዚህ «ቀለሙ ምንድን ነው?» የሚል፣ መልሱን እርስዎም ልጁም የምታውቁትን ጥያቄ ትተው «ብትገለብጠውስ?»፣ «ቅድም ካደረግኸው በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቁ። «ጎበዝ!» ለማለትም አይቸኩሉ፤ ብዙ ልጆች ይህን ሲሰሙ ሥራው ያለቀ ይመስላቸውና ዕቃውን አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ሳፋውን ያለ ጠባቂ ለአፍታም አይተዉ፤ ጨዋታው እንዳበቃም ውሃውን ይድፉ። ሕፃናት ያገኙትን ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ፣ በሶፍት መጠቅለያ ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ማናቸውም ነገር ለትንንሾቹ አይሰጥም። ቆርኪና ጠጠርም ከዚሁ ስለሚቆጠሩ ለነርሰሪ ልጆች በትልልቅ ክዳኖችና በድንች ይተኩ።

ለቁጥር ከገበጣ የተሻለ አላገኘሁም። 30 እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቆርጠው ለሁለት ልጆች ይስጡ፤ ሕጉን ሁሉ ማስተማር አያስፈልግም። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ መዞር ብቻውን፣ እስከ ሃያ በዜማ የሚወርድ ነገር ግን አምስት ጠጠር አምጣ ሲባል እፍኝ ሙሉ የሚያመጣውን ልጅ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ዕቃን እንደሚወክል ያስጨብጠዋል። የሱቅ ጨዋታም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ባለሱቅ የሆነው ልጅ «ዝርዝር የለኝም» ማለቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ደንበኛው ሒሳብ መሥራት ይጀምራል።

ወላጆች ግን «ፊደሉስ?» ማለታቸው አይቀርም። ደብተሩ ባዶ ሆኖ የሚመጣ ልጅ ያሳስባቸዋል፤ ከፍለው የሚያስተምሩ በመሆናቸው አልፈርድባቸውም። ለዚህም ጭቃ ይጠቅማል። ልጆቹ ለ እና በን በጭቃ ይሥሩ፤ ከዚያም አጭር ስንጥር ይስጧቸው። ስንጥሩ ከቀኝ በኩል መሀል ላይ ሲሰካ ለ ሉ ይሆናል፤ ወደ ታች ወርዶ እግሩ ሥር ሲሰካ ሊ ይሆናል። ይህን ካሳዩአቸው በኋላ በን ለእነርሱ ይተዉላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ስንጥሩን ራሱ ሰክቶ «ቡ!» ብሎ ሲጮህ፣ ሌሎቹ ሳይታዘዙ ወደ ሰ እና ወደ ሸ ይሄዳሉ። ረ እና ፈ ላይ ሲደርሱ ስንጥሩ አልሠራ ይላቸዋል፤ ቅር ቢላቸውም አይርዷቸው፣ የፊደል ገበታው ፊት አቁመው ምን እንደተለየ ራሳቸው ይፈልጉ። ወላጆች ለውጤት በሚጠሩበት ቀንም ከደብተሩ ጎን ትንሽ ጭቃና ስንጥር ያስቀምጡ፤ እናትየው ትሥራ፣ ልጁ ያርማት።