የጀርመንኛ የማጣበቂያና የፕላስቲክ ቃላትን ወደ እንግሊዝኛ ስለ መተርጎም

የጀርመንኛ የቴክኒክ ጽሑፍ መተርጎም የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የቃላቱ ርዝመት ነው፤ ይሁን እንጂ ከችግሮቹ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ተጣምሮ የተሠራ የጀርመንኛ ስም የሚፈታው ከመጨረሻው ተነሥቶ ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍል ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከፊቱ ያሉት ደግሞ ዓይነቱን ይለያሉ። «ሽሜልፅክሌብሽቶፍ» በ«ክሌብሽቶፍ» ስለሚያልቅ ማጣበቂያ ነው፤ «ሽሜልፅ» መቅለጥን ስለሚያመለክት ቀልጦ የሚቀባ ዓይነት መሆኑ ይገባናል፤ እንግሊዝኛው ሙቀቱን ጨምሮ «ሆት ሜልት አድሂሲቭ» ይለዋል።

ከባዱ ነገር ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ዕቃ ሲሰይሙ የሚያነሡት ባሕርይ የተለያየ መሆኑ ነው። በተለጣፊ ፕላስተር ላይ የሚገኘውን፣ ሳይደርቅ በቀላል ግፊት ብቻ የሚይዘውን ማጣበቂያ ጀርመንኛው «ሃፍትክሌብሽቶፍ» ሲለው የመያዝ ጠባዩን ያነሣል፤ እንግሊዝኛው ግን «ፕሬዠር ሴንሲቲቭ አድሂሲቭ» ብሎ ግፊቱን ይጠቅሳል። እንዲሁም «ፁግሼርፌስቲኽካይት» የሚለው ስም መሳብንና መሸርተትን ብቻ ሲይዝ፣ የእንግሊዝኛው «ላፕ ሺር ስትሬንግዝ» ሁለቱ ጠፍጣፋ የመሞከሪያ ቁራጮች ተደራርበው የተጣበቁ መሆናቸውን ይናገራል። ስለዚህ ተርጓሚው ሙከራው እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ይኖርበታል፤ ዲን ኢኤን 1465 በተባለው የሙከራ ደረጃ መሠረት ሁለት ቁራጮች 12.5 ሚሊሜትር ያህል ተደራርበው ይጣበቁና በርዝመታቸው አቅጣጫ እስኪለያዩ ድረስ ይሳባሉ። በዚያው የሙከራ ዘገባ ውስጥ የሚመጣው «ብሩኽ» በተራ ንግግር ስብራት ቢሆንም እዚህ «ፌይለር» ይባላል። «አድሄዚዮንስብሩኽ» ማጣበቂያው ከዕቃው ገጽ ላይ ሲላቀቅ፣ «ኮሄዚዮንስብሩኽ» ደግሞ ማጣበቂያው ራሱ በመሐሉ ሲቀደድ ነው። የመጀመሪያው «አድሂሲቭ ፌይለር» ተብሎ ሲተረጎም አንባቢው ማጣበቂያው ራሱ ደከመ ማለት ሊመስለው ስለሚችል፣ አሻሚ በሆነበት ቦታ መላቀቁ በገጹ ላይ እንደሆነ መጨመር ይሻላል።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ግን በግሦችና በጊዜ መለኪያዎች ላይ ነው። «አብቢንደን» ፈሳሹ ማጣበቂያ በማናቸውም መንገድ፣ በመትነንም ሆነ በመቀዝቀዝ ወይም በኬሚካዊ ለውጥ፣ ወደ ጠጣርነት መለወጡን የሚያጠቃልል ሰፊ ቃል ስለሆነ «ሴቲንግ» ይስማማዋል፤ «አውስሄርተን» ግን በዚህ መስክ ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያመለክት «ኪዩሪንግ» ነው። ሁለቱን እንደ ፍቺ አቻ መቁጠር ቀልጦ በመቀዝቀዝ ብቻ የሚጠጥረውን ማጣበቂያ የሌለውን ባሕርይ ይሰጠዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በአየር እርጥበት የሚጠነክር የፖሊዩሬታን ዓይነት መኖሩ እውነት ቢሆንም እሱ ለብቻው የሚታይ ነው። «ቶፕፍፃይት» የተደባለቀው ማጣበቂያ በመደባለቂያው ዕቃ ውስጥ እያለ ለሥራ የሚመችበት ጊዜ በመሆኑ «ፖት ላይፍ» ይባላል። «ኦፈነ ፃይት» ደግሞ ማጣበቂያው ከተቀባ በኋላ ሁለቱ ገጾች እስኪገጣጠሙ ድረስ የተፈቀደው ጊዜ፣ «ኦፕን ታይም» ነው። እነዚህን የቀያየረ ተርጓሚ ሠራተኛውን ማጣበቂያው ካለፈበት በኋላ ያስገጥመዋል።

«ሃፍቱንግ» የራሱ ወጥመድ አለው፤ በምርቱ መረጃ ወረቀት መካከል «አድሂዥን» (መጣበቅ) የነበረው ቃል በመጨረሻው አንቀጽ የሕግ ተጠያቂነት ይሆናል።

በፕላስቲክ በኩል «ኩንስትሽቶፍ» ሰው ሠራሽ ቁስ ተብሎ በየክፍሉ ሊተረጎም አይገባም፤ «ፕላስቲክ» ነው። «ዱሮፕላስት» «ቴርሞሴት»፣ ማለትም አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በሙቀት የማይቀልጥ ፕላስቲክ፣ ሲሆን፣ የጀርመንኛውን ቃል እንዳለ የሚያውቁት እንግሊዝኛ አንባቢዎች በአብዛኛው የሚያስታውሱት ከጥጥ ጭረትና ከፌኖል ሙጫ የተሠራውን፣ ትራባንት የተባለውን የምሥራቅ ጀርመን መኪና አካል ነው። «ሽፕሪጽጊሰን» ውስጥ የመርጨት ቃል ቢኖርም ሥራው «ኢንጀክሽን ሞልዲንግ» ነው። «ቲፍፂየን» ለብረት «ዲፕ ድሮዊንግ» ይሆናል፤ በሙቀት የለሰለሰ የፕላስቲክ ሉህ ሲሆን ግን «ቴርሞፎርሚንግ» ነው። «ፎልየ» ለአሉሚኒየም «ፎይል»፣ ለስስ ፕላስቲክ «ፊልም» ነው። ከሁሉ የሚያስቀኝ «ሽቪምሃውት» ነው፤ በዳክዬ ጣቶች መካከል ያለውን ስስ ቆዳ የሚጠራው ይህ ቃል በፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ አምልጦ የወጣውን ስስ ትርፍ ስለሚጠራ «ፍላሽ» ተብሎ ይተረጎማል። «ሲሊኮን» እና «ሲሊፂየም» ደግሞ በእንግሊዝኛ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስለሆኑ ሲጻፉ ሁለት ጊዜ ይታዩ፤ የመጀመሪያው ፖሊመር፣ ሁለተኛው ንጥረ ነገር ነው።

ቁጥሮችም ይተረጎማሉ። በጀርመንኛ «1.500» አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ «0,2» ደግሞ ከአሥር ሁለት ነው። ውፍረቱ 1.500 ሚሊፓስካል ሰከንድ የተባለ ፈሳሽ ነጥቡ ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛ ቢያልፍ እንደ ወፍራም ዘይት የሚወርደው ማጣበቂያ እንደ ውኃ የቀጠነ ይሆናል።

ለማረጋገጥ የሚሻለው ምንጭ ስለ ማጣበቂያ ቃላት የወጣው የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 923 ነው፤ የአውሮፓ ደረጃዎች በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ስለሚወጡ ትርጓሜዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ይቻላል። ለፕላስቲክ ቃላት ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 472 አለ። የጀርመን አምራቾች የእንግሊዝኛ መረጃ ወረቀቶች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ትርጉም ስለሆኑ በእነሱ ላይ ብቻ መደገፍ አልወድም፤ ቃሉ መጀመሪያውኑ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ፣ በዚያው የሥራ ሂደት ውስጥ፣ እስኪገኝ ድረስ በጥያቄ ምልክት መተው ይሻላል።