የቮልስ ማርሽ ሲላላ

የኔ ቮልስ ማርሽ ለወራት ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ነበር። አስገብቼውም ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ሁለተኛ ስፈልግ አራተኛ ይገባል። ዝም ብዬ ነዳሁት። አንድ ማታ ከአባይ ድልድይ ማዶ ስመለስ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ልቀይር ስል ማርሹ እጄ ላይ ባዶ ሆነ። የትም ብወስደው ምንም አይነካም። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ግን ሁለተኛ ላይ እንደገባ ቀርቷል። ባህር ዳር ሜዳ መሆኗ በጀኝ፤ ከኋላዬ ባጃጆች ክላክስ እያንባረቁ፣ በሁለተኛ እየተንፏቀቅኩ በዘንባባዎቹ ስር ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ የሄድኩበት ጋራዥ ገና መኪናውን ሳያይ “ካምቢዮው ይውረድ” አለኝ። ደንግጬ ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ መካኒክ ጋ ሄድኩ። “ጋሼ፣ ካምቢዮው አለቀለት አሉኝ” ስላቸው ሳቁ። “ካምቢዮው ምን በደለህ ልጄ? መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አንሳ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ከኋላ ናቸው፤ ማርሹ ከፊት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መሃል ባለው ጉብታ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ነው። እጃችሁ የሚሰጠው እንቅስቃሴ ካምቢዮው ጋ እስኪደርስ በቡሽ (ዘንጉን በሚይዝ ቀለበት)፣ በማገናኛ፣ በጎማ ያልፋል። ማርሽ ላላ ማለት እንቅስቃሴው ከነዚህ አንዱ ጋ እየጠፋ ነው ማለት ነው። የት እንደሚጠፋ ሳታዩ ዕቃ አትግዙ።

ወንበሩን ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበሩ ስር በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ጫፍ ጋር ከተነካካ እሳት ይነሳል፤ በዚህ የተቃጠለ ቮልስ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ወንበሩን ቀስ ብላችሁ አንሱና የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ስትመልሱትም ባትሪው ክዳኑ እንዳለው አረጋግጡ።

ከወንበሩ ስር፣ መሃል ላይ፣ በአንድ ቡሎን የታሰረች ትንሽ የላሜራ ክዳን አለች። ክፈቷት። አሁን ሰው ያስፈልጋችኋል። እኔ ባለቤቴን ከፊት አስቀምጬ “ወዝውዢው” እያልኩ ባትሪ መብራት ይዤ አጎነበስኩ። ማርሹ ሲንቀሳቀስ ዘንጉ ካልተከተለ ችግሩ ከፊት ነው። ዘንጉ እየዞረ ከካምቢዮው የሚወጣው ጫፍ ዝም ካለ ማገናኛው ነው። ሁለቱም አብረው ሄደው ካምቢዮው ራሱ ከተነቃነቀ የያዘው ጎማ፣ ማለትም ሱፖርቶው፣ ነው። የኔ ዘንግ ይዞራል፤ ካምቢዮው ግን ዜናውም አልደረሰው።

ማርሹ ጭራሽ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ገብቶም ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ

ማገናኛውን እዩ። ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የምታስረው ራሷ አራት ማዕዘን የሆነች አጭር ቡሎን ናት። ሹል ጫፏ ዘንጉ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች። እንዳትፈታ ራሷ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። የኔ ሽቦ የለም። ቡሎኗም የለችም፤ ከታች አቧራ ውስጥ በጣቴ ፈልጌ አገኘኋት።

ቡሎን ብቻ ከሆነ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ጫፏን ከጎድጓዷ ጋር አገጣጥሙ፣ አጥብቁ፣ ሽቦውን ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ በሚስባት በኩል እሰሩ። ጎድጓዷን ከሳተች ለጊዜው የያዘች ትመስላለች፤ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ተመልሳ ትለቃለች።

እግረ መንገዳችሁን የማገናኛውን ጎማ እዩ። የኔን ሳወጣው እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ፈረሰ። ይባስ ብሎ ከኔ በፊት የነበረ ሰው ከመነዳሪ ቆርጦ ጠቅልሎበታል! መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ይሁን፤ ቤት ለደረሰ ግን ሙሉ ማገናኛውን መቀየር ነው። አዲስ አበባ ያሉ የቮልስ ዕቃ ሻጮች ጋ ይገኛል፤ እኔም ዘመድ ነው ያመጣልኝ።

ሲነዱ ከወለሉ ስር የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ካለ

ማርሹን በእጃችሁ ስትይዙት ድምፁ ዝም የሚል ከሆነ ምርመራው አለቀ። ዘንጉን ጉብታው ውስጥ የሚይዘው ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽ ተበልቷል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ከኋላ ማገናኛውን ፍቱ፣ ከፊት ማርሹን አውጡ፣ ዘንጉን ከቡሹ እስኪላቀቅ አንሸራትቱ። በማርሹ ቀዳዳ በኩል የድሮውን ስብርባሪ በፒንሳ ልቀሙ። አዲሱን ግራሶ ቀብታችሁ አስገቡ። ጣት ወፍራም ከሆነ ልጅ ጥሩ፤ እኔ የወንድሜን ልጅ ጠርቻለሁ። ቡሹ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ከቴፍሎን ይቀርጹላችኋል።

ሁለተኛ ስትፈልጉ የኋላ ማርሽ የሚነካ ከሆነ

በቮልስ የኋላ ማርሽ የሚገባው ማርሹን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራና ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ሳትጫኑ ከገባ ከማርሹ ስር ያለችው ገዳቢ ላሜራ ተበልታለች ወይም ተገልብጣ ታስራለች። የማርሹን ጎማ ወደ ላይ ስቡና ሁለቱን ቡሎኖች በ13 ቁልፍ ፍቱ። ላሜራዋን ከማንሳታችሁ በፊት የላይና የቀኝ ጎኗን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሳታደርጉ አንስታችሁ በኋላ “እንዴት ነበረች?” ማለት ያለ ነው። አሮጌውን ግራሶ ጥረጉ፣ ሞላው እንዳልተሰበረ እዩ። ማርሹ ሲመለስ ከግርጌው ካለው ኳስ ጎን ያለችው ትንሽ ፒን ቦታዋ ላይ መግባት አለባት።

ከማጥበቃችሁ በፊት ማስተካከል አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሁለቱ ቡሎኖች ላላ ብለው እያለ ማርሹን ሁለተኛ ውስጥ አስገቡ። የማርሹን መቀመጫና ላሜራዋን እያንቀሳቀሳችሁ ማርሹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል፣ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ እንዲቆም አድርጉ። እንደዚያ ይዛችሁ አጥብቁ። ከዚያ አራቱንም ሞክሩ። የኋላው ያለ መጫን ከገባ፣ እንደገና።

ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ማርሹ ፊትና ኋላ የሚላወስ ከሆነ

ሱፖርቶው ነው። በተለይ የፊተኛው ጎማ ዘይት ሲጠጣ ይላላል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ካምቢዮውን ከስር በክሪክና በእንጨት በትንሹ ከፍ አድርጉትና ጎማው ሲከፈት ታያላችሁ። ይህን ለመቀየር ሞተርና ካምቢዮ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጋራዥ ሂዱ።

ማርሹ ሳይላላ እየተፋጨ የሚገባ ከሆነ

ሞተሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ጠፍቶ በቀላሉ ገብቶ፣ ተነስቶ የሚፋጭ ከሆነ ይህ የዘንግ ጉዳይ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም። ካምቢዮው ጎን፣ በግራ የኋላ ጎማ በኩል፣ የፍሪሲዮን ገመዱን የምታስተካክል ባለ ክንፍ ዳዶ አለች። ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ባዶውን እንዲሄድ አስተካክሏት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዱ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሦስተኛ፣ ነዳጅ ስትለቁ እየዘለለ ከወጣ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የኔ እዚያ አልደረሰም። ቅዳሜ ዕለት ቤዛዊት ወጥቼ ወረድኩ፤ ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ቀጥ ብሎ ገባ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። “አሁን ደግሞ የበሩን ማንቋረር አሳየኝ” አሉኝ።