ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ክላስ ለቴምፕሌት ሲሰጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተማሪዎች ዝርዝር አላችሁ እንበል። በውጤት ልትደረድሩት ነው። ማወዳደሪያው ከዚያ ፈንክሽን ውጪ የትም ስለማያስፈልግ ትንሽዬ ክላስ እዚያው ጻፋችሁና ለሶርት ሰጣችሁት። ሶርት ዝርዝር የሚደረድር ዝግጁ ቴምፕሌት ነው፤ ቴምፕሌት ማለት ለተለያየ ዓይነት ዳታ የሚሠራ የፈንክሽን ንድፍ ነው። እንዲህ ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ክላስ በሲ ፕላስ ፕላስ ሎካል ክላስ ይባላል። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ አንባቢው ማወዳደሪያውን ፍለጋ ፋይል ለፋይል አይንከራተትም። ግን ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አያለሁ።

በብዛት የማየው ስህተት የድሮው ክልከላ ዛሬም ያለ መምሰሉ ነው። በ1998ቱና በ2003ቱ ስታንዳርድ (የቋንቋው ይፋዊ ደንብ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሎካል ክላስ የቴምፕሌት አርጊውመንት፣ ማለትም ለቴምፕሌቱ የሚሰጥ ዓይነት፣ መሆን አይችልም ነበር። ነገሩ የስም ጉዳይ ነው። ቴምፕሌት ለእያንዳንዱ ዓይነት አርጊውመንት የራሱን ፈንክሽን ይወልዳል። ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ለተወለደው ፈንክሽን ከአርጊውመንቱ ስም ጭምር የተሠራ ረጅም ስም ያወጣለታል። ሊንከሩ፣ ማለትም የተተረጎሙትን ፋይሎች አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው፣ ከየፋይሉ የመጣውን የሚያገናኘው በዚህ ስም ነው። ሎካል ክላስ ደግሞ ከፈንክሽኑ ውጪ የሚታወቅበት ስም አልነበረውም። በ2011ዱ ስታንዳርድ ክልከላው ተነሳ። ላምዳም፣ ማለትም በተፈለገበት ቦታ እዚያው የሚጻፍ ስም የለሽ ፈንክሽን፣ የመጣው በዚያው ስታንዳርድ ነው። ላምዳ በውስጡ ስም የሌለው ክላስ ስለሆነ፣ ክልከላው ባይነሳ ኖሮ ፈንክሽን ውስጥ ጽፈን ለሶርት ልንሰጠው አንችልም ነበር።

ሁለተኛው፣ ኮምፓይለሩ በየትኛው ስታንዳርድ እየሠራ እንደሆነ አለማየት ነው። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ይህን መቀበል የጀመረው ከስሪት 4.5 ነው። ይሁን እንጂ እስከ ስሪት 5 ድረስ በግልጽ ካላዘዛችሁት በድሮው ስታንዳርድ ነበር የሚሠራው። በራሱ ወደ 2014ቱ ስታንዳርድ የተሻገረው ከስሪት 6 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለችግር የሄደ ኮድ አሮጌ ማሽን ላይ ሊወድቅ ይችላል። የስህተት መልእክቱም ያሳስታል፤ አንዳንዴ ለዚህ ጥሪ የሚሆን ሶርት የለም ብቻ ይላል። ሰው የረሳው ሄደር (ሶርትን የመሰሉ ዝግጁ ነገሮችን ወደ ኮዱ የሚያስገባ ፋይል) ያለ መስሎት ሲፈልግ ይውላል።

ከሁሉም የምፈራው ግን ክላሱን ዝም ብሎ ከፈንክሽኑ ማውጣትን ነው። አንድ ፕሮግራም ላይ የደረሰብንን ልንገራችሁ። አንዱ ፋይል ተማሪዎችን በውጤት፣ ሌላው በስም ይደረድራል። ሁለቱም ውስጥ ኮምፔር የሚባል ሎካል ክላስ ነበር። አሮጌው ኮምፓይለር እምቢ ሲለን ሁለቱንም ከፈንክሽኖቹ በላይ አወጣናቸው። ኮዱ ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ አለፈ። የስም መጥሪያው ሲታተም 97 ያገኘው ዘውዱ አናት ላይ፣ ሀና ደግሞ ታች ሆነው ቁጭ! ሁለቱ ክላሶች ውጭ ሲወጡ አንድ ስም ያዙ፤ የሚደረድሩትም ያንኑ የተማሪ ቬክተር (ዝርዝር) ነው። ስለዚህ የተወለዱት ሁለት ሶርቶችም ስማቸው አንድ ሆነ። ሊንከሩ አንዱን ያዘ፣ ሌላውን ጣለ። በጣም ያደከመን ደግሞ በኮምፓይለሩ ማፍጠኛ (ኦፕቲማይዜሽን) ስንሠራው ትክክል መምጣቱ ነበር፤ ኮምፓይለሩ ሶርቱን ከነማወዳደሪያው በተጠራበት ቦታ ካሰረገው ስህተቱ ሊደበቅ ይችላል። ክላሱ የግድ መውጣት ካለበት በየፋይሉ ስም የሌለው ኔምስፔስ ውስጥ አስገቡት፤ ያኔ ስሙ የዚያ ፋይል ብቻ ይሆናል። ወይም ክላሱን ካለበት ሳታነሱ ማወዳደሪያውን ስታቲክ አባል ፈንክሽን (ያለ ኦብጀክት የሚጠራ) አድርጉትና ፖይንተሩን፣ ማለትም አድራሻውን፣ ለሶርት ስጡት። የፖይንተሩ ዓይነት ሎካል ስላልሆነ የድሮውም ስታንዳርድ ይቀበለዋል።

ሌላው፣ ሎካል ክላሱ የፈንክሽኑን ተራ ቫሪያብሎች የሚያይ መስሎ መታየቱ ነው። አያይም። ማለፊያ ነጥቡን 50 ብላችሁ ፈንክሽኑ ውስጥ ብታስቀምጡ፣ ክላሱ እንዲጠቀምበት በኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚሠራው ፈንክሽን) አስገብታችሁ አባል ቫሪያብል ላይ መያዝ አለባችሁ። ስታቲክ የሆነውን ግን ያያል። ይህ ሥራ ሲበዛባችሁ ላምዳ ይሻላል፤ በቅንፉ ውስጥ = ወይም & ከጻፋችሁለት የሚፈልገውን ራሱ ይይዛል።

ክልከላው ተነሳ ሲባል ሁሉም የተፈቀደ የሚመስላቸውም አሉ። ሎካል ክላስ ውስጥ ዛሬም ስታቲክ ዳታ አባል አይቻልም። አባል ቴምፕሌትም አይቻልም። ማወዳደሪያው የተለያየ ዓይነት እንዲቀበል ከፈለጋችሁ መለኪያው (የሚቀበለው ቫሪያብል) አውቶ የሆነ፣ ማለትም ዓይነቱን ኮምፓይለሩ የሚወስንለት፣ ላምዳ ጻፉ፤ ከ2014 ስታንዳርድ ጀምሮ ፈንክሽን ውስጥ ይሠራል።