ኤሲው ውሃ ማውጣቱ አይቀርም፤ ወዴት እንደሚያወጣ ግን እናንተ ወስኑ

ሐምሌ ላይ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ከሳምንት በፊት ኤሲ የገጠምኩላቸው ባለ ሰሊጥ ናቸው። መተማ እርሻቸው ላይ አረም ያሳርማሉ። የሚያድሩት በተሳቢ ቤት ውስጥ ነው። ቤቷን እዚሁ ጎንደር በያጅ የሠራት ናት፤ ከላሜራ ተበይዳ፣ ውስጧ በቺፑድ ተለብጦ፣ በፒክአፕ የምትጎተት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መስኮቷ ላይ የእኔ ኤሲ።

«አንተ ልጅ፣ የገጠምክልኝ ኤሲ ነው ሻወር?»

ፍራሹ በግርጌው በኩል ርሷል። ቺፑዱ ማበጥ ጀምሯል። «ጋሼ፣ ለጊዜው ያጥፉት» አልኳቸው። «አጥፍቼ በሙቀት ልሙትልህ?» አሉና ልክ ልኬን ነገሩኝ። በማግስቱ ጠዋት ካቻቢቴዬን፣ ቱቦዬንና ውሃ ልኬን ይዤ በአዘዞ፣ በአይከል አድርጌ ቁልቁል ወረድኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከማስረከቤ በፊት አራዳ ሱቄ በር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስነስቼ ሞክሬዋለሁ። አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም። እኔም ደረቴን ነፍቼ አስረከብኩ። ጎንደር ላይ አለማንጠባጠቡ ግን ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ይህን ያወቅኩት በእሳቸው ፍራሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ ቢራ ከፍሪጅ ስታወጡ ጠርሙሱ ያልበዋል። ቢራው አፍስሶ አይደለም፤ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ኤሲ ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተርም፣ ማለት አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ እንደዚያ ጠርሙስ ነው። ልዩነቱ ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ አዲስ አየር እያመጣ ያስነካዋል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውሃ ይሸከማል። 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን 30 ግራም ያህል ይችላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ቤቱ ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ፣ ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ትንሽ ሠርቶ ያርፋል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በክረምት ሙቀቱም እርጥበቱም ተደርቦ ይጠብቃችኋል፣ ኮምፕሬሰሩም አያርፍም። ያው ኤሲ፣ ያው ቀዳዳ፣ ውሃው ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ደጋ ላይ ሆናችሁ ቆላ የሚሄድ ኤሲ ስትገጥሙ እስኪያንጠባጥብ አትጠብቁ። ውሃውን ራሳችሁ አፍስሱበት። አሠራሩን ከታች እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ውሃ ልክ አውጡ።

የመስኮት ኤሲ ሆዱ ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ሳህን አለው። መውጫው ከኋላ፣ ከቤት ውጭ ባለው በኩል ነው። ስለዚህ ኤሲው ወደ ውጭ ትንሽ ማዘንበል አለበት። ትንሽ ማለት ከፊት እስከ ኋላ አንድ ሳንቲም ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ልኩን ከላይ ስታስቀምጡበት አረፋዋ ከመሃል ወደ ቤቱ በኩል ፈቀቅ ካለች ልክ ናችሁ። ከዚህ በላይ አታዘንብሉት፤ ኮምፕሬሰሩ እንዲያ ተዘንብሎ መሥራት አይወድም።

ቤት ላይ የተገጠመ ኤሲ አንዴ ከተስተካከለ አበቃ። ተሳቢ ግን ይንቀሳቀሳል። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ሜዳ የሚባል መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሁሉም ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። እርሻ ላይም ቢሆን ተሳቢው የቆመው ዝናብ ባራሰው ጥቁር አፈር ላይ ነው። አንዱ ጎማ ሲሰምጥ ኤሲው አብሮ ይዘነብላል። ጋሼ ቤት ስደርስ ያየሁት ይህንኑ ነው። መኝታው በኩል ያለው ጎማ አራት ጣት ያህል ገብቷል፣ የእኔ አንድ ሳንቲም ሜትር ተገልብጦ ውሃውን ወደ አልጋው እየላከው ነው። በክሪክ አነሳነው፤ ጎማው ሥር ሁለት ጣውላ ከተትን። ማንጠባጠቡ ወዲያው ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

አሁን ወደ ሙከራው። ኤሲውን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ጄኔሬተሩንም አጥፉ። የፊት ክዳኑን አውርዱ። ከኤሲው ሥር፣ ከቤት ውስጥ በኩል፣ ሶፍት በረድፍ አንጥፉ። ከዚያ በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዛችሁ ኢቫፖሬተሩ ሥር ባለው ሳህን ላይ ቀስ እያላችሁ አንቆርቁሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦና ሳጥን ያለበትን ጎን እንዳትነኩ። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይመልከት። ሳህኑ እስኪሞላ ትንሽ ይዘገያል፤ ያ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያፈሰሳችሁት ያህል ከኋላ መውጣት አለበት። ካልወጣ መንገዱ ተዘግቷል። ሶፍቱ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ የትኛው ጋ እንደራሰ ልብ በሉ። ውሃው የሚያመልጥበትን ቦታ በጣት ያሳያችኋል።

የእኛ ሶፍት ግራ ጥጉ ላይ ራሰ። ከኋላ ደግሞ የሚወጣው በክር ነበር። ቀጭን ሽቦ አስገብቼ ሳወጣው አንድ ጭብጥ የማይሞላ ጭቃ መጣ። ተርብ ቤቷን ሠርታበታለች! በአንድ ሳምንት! ጋሼ ሳቁ። «ከበያጁ ይልቅ እሷ ሥራ ታውቃለች» አሉ።

ተርብ ባይኖርም አቧራና አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር መንገዱን ይዘጋዋል። አጠባው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃ አንድ ሲኒ አቼቶ ቀላቅላችሁ ሳህኑ ላይ አፍስሱ፤ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። በረኪና ለምን አይሆንም የሚለኝ ሰው አላጣም። በረኪና የኢቫፖሬተሩን አሉሚኒየም ይበላል። ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በእንዲህ ያለች ጠባብ ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ራስን መግደል ነው። የተዘጋውን በአፋችሁ ለመንፋትም አትሞክሩ፤ ጭቃውን ወደ ውስጥ ትመልሱታላችሁ፣ ፊታችሁም ይታጠባል። ከውጭ በኩል በሽቦ መሳብ ይሻላል።

ቱቦ የምትቀጥሉ ከሆነ የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ምረጡ። ውስጡ ሲቆሽሽ ታዩታላችሁ። ለእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲም ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። መሃል ላይ እንደ ልብስ ገመድ ከረገበ እዚያ ውሃ ይተኛበታል፤ የተኛ ውሃ አየር ይዘጋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጫፉን ባልዲ ውስጥ ካለ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ጎማና ፍሬን ላይ እንዳያንጠባጥብ ራቅ አድርጉት። ለተርቧ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ወንፊት እሰሩበት፤ ጠባብ ወንፊት ግን ራሱ በአቧራ ይደፈናል። ውሃ ከላይ ወደ ታች እንጂ ሌላ አያውቅም። በፋሲል ዘመን ፓምፕ አልነበረም፤ የመዋኛው ውሃ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው የመጣው። እኛ አንድ ሜትር ቱቦ ማዘንበል ያቅተን?

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ውሃ አልወጣ ሲል ድሪል አንስተው ሳህኑን የሚበሱ አሉ። ተዉ። በብዙ የመስኮት ኤሲዎች ውስጥ የኋላው ማራገቢያ ጠርዙ ላይ ቀለበት አለው። ከሳህኑ ውሃ እየቀዳ የጋለው ራዲያተር ላይ ይረጫል፤ ራዲያተሩ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውም ይተናል። ከኋላ የምትሰሙት የመርጨት ድምፅ ብልሽት አይደለም። ስትበሱት ይህን ታጣላችሁ። ድሪሉ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ቧንቧ ካገኘ ደግሞ ኤሲውንም አጣችሁት።

ሳህኑም መንገዱም ደህና ሆኖ አሁንም ወደ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በረዶ ፈልጉ። ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን አየር አያልፍም። ኢቫፖሬተሩ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዝና በረዶ ይሠራል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ማራገቢያው እየጮኸ የሚመጣው ንፋስ እያነሰ ይሄዳል። ስታጠፉት በረዶው ይቀልጥና ሳህኑ የማይችለው ውሃ አንዴ ይወርዳል። ማራገቢያውን ብቻ አብርታችሁ እስኪቀልጥ ጠብቁ። በካቻቢቴ አትፈልፍሉት። ፊልትሮውን በሳሙና እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። እርሻ ላይ በየሳምንቱ ማጠብ አይበዛበትም። የደጋ ሌሊት ላይ ኤሲ ከፍታችሁ ስትተኙም በረዶ ሊይዝ ይችላል፤ ጎንደር ላይ መስኮት መክፈት እያለ ለምን እንደሚከፈት ግን አልገባኝም። ፊልትሮው ንጹህ ሆኖ፣ ውጭው ሞቆ በረዶው ከተመለሰ ምናልባት ጋዙ ቀንሷል። ያኔ ባለሙያ ጥሩ። የሚመጣው ሰው የሚያፈሰውን ቦታ ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ሞልቶ ሊሄድ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ጋዝ እንደ ነዳጅ በሥራ አያልቅም።

የእኛ ግራ ጥግ ግን በረዶም አልነበረም። ኤሲውና መስኮቱ መሃል ጣት የምታስገባ ክፍተት ትቼ ነበር። በዚያ የሚገባው የውጭ ትኩስ አየር የኤሲውን ቀዝቃዛ ፊት ሲነካ ያልበዋል፤ ላቡ በጥጉ ይወርዳል። ክፍተቱን በስፖንጅ ጠቀጠቅኩ፣ ከውጭ ከላይና ከጎን ሲሊኮን ቀባሁ። ከታች አልቀባሁም፤ የገባ ዝናብ መውጫ ይፈልጋል።

ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ኤሲ ያላት ከውጭ የመጣች ተሳቢ ያላችሁ ደግሞ ውሃው ጣሪያ ላይ መፍሰሱ አያስደንግጣችሁ፤ አሠራሩ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ ተሳቢዋን አስተካክላችሁ አቁሙ። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን የስፖንጅ ጎማ እዩ። ብሎኖቹ በመንገድ ንዝረት ይላላሉ። አንዱን ጨርሶ ከማጥበቅ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። ጎማው ከደረቀና ከተሰነጠቀ ይቀየር፤ ሲሊኮን አያድነውም።

መጨረሻ ላይ ኤሲው የማያውቀው ውሃ አለ። ጋሼ ቡታ ጋዝ አልጋቸው አጠገብ አላቸው፤ ሻይ ያፈላሉ። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት ያወጣል። የሰው ትንፋሽም አለ። ዝናብ ያቀዘቀዘው ላሜራ ይህን ሲያገኝ ያልበዋል፤ ግድግዳው ላይ ጅረት ታያላችሁ። እዚህ ላይ ኤሲውን አትስደቡ። ሻይ ስታፈሉ በር ይከፈት፤ ለጭሱም ቢሆን ግድ ነው። ኤሲው ሲሠራ ደግሞ ይዘጋ።

ሁሉን ገጥመን ሶፍት አንጥፌ እንደገና አፈሰስኩ። ደረቅ። ጄኔሬተሩን አስነሳን። ኤሲውን ካጠፋችሁት በኋላ መልሳችሁ ለማስነሳት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱ እስኪወርድለት ነው። ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ፤ ጋሼ ራት ሳልበላ አይለቁኝም ነበር። ከቱቦው ጫፍ በታች አምስት ሊትር ጀሪካን አስቀመጥን። ጠዋት ከግማሽ አልፏል። ጋሼ አንስተው አዩት፣ አሸተቱት።

«ይጠጣል?»

«ኧረ ጋሼ፣ የአቧራ እጣቢ ነው።»

«እንግዲያው ለእግሬ» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጭቃቸውን ታጠቡበት።