ኢ-ካድኸሪን በፍራፕ ሲለካ፦ ግራፉ የሚያሳስትባቸው ቦታዎችና መፍትሄያቸው

ኢ-ካድኸሪን ጎረቤት ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። በፍራፕ (FRAP) ዘዴ፣ ጂኤፍፒ (GFP) ከተባለው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጋር የተያያዘው ኢ-ካድኸሪን በሁለት ሴሎች መገናኛ ላይ በጠንካራ ሌዘር ይደበዝዛል። ከዚያ ያልደበዘዘ ፕሮቲን ሲተካው ብርሃኑ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ይለካል። የማይክሮስኮፕ ጥፋት ግራፉ ላይ የፕሮቲኑን ባሕርይ መስሎ ይታያልና ከትርጓሜ በፊት ምርመራ ይቅደም።

ብርሃኑ ትንሽ ተመልሶ እንደገና ይወርዳል

ያልተነካ ጎረቤት መገናኛ ይመልከቱ። እሱም አብሮ ወርዶ፣ መገናኛው የሚታይበት ቀጭን መስመር ግን ጥርት እንዳለ ከሆነ፣ የሚያደበዝዘው ምስል የሚያነሳው ሌዘር ራሱ ነው። የ488 ናኖሜትሩን ሌዘር ኃይል ይቀንሱ፣ ምስሎቹንም አራርቀው ያንሱ። ኢ-ካድኸሪን የሚመለሰው በደቂቃዎች ስለሆነ በየ5 ሰከንዱ አንድ ምስል ይበቃል። ቀጭኑ መስመር ሰፍቶ ከተድበሰበሰ ግን ፎከሱ ሸሽቷል። ቀዝቃዛ የዘይት ሌንስ ከሴሎቹ ሙቀት ስለሚስብ ፎከሱ ይሸሻል፤ ሌንሱንም የማይክሮስኮፑን ማሞቂያ ሳጥንም በ37 ዲግሪ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አስቀድመው ያሙቁ። ሲያሰሉ የጀርባውን ብርሃን ይቀንሱ፣ ባልተነካው ጎረቤት መገናኛ ብርሃን ያካፍሉ፣ ከዚያ ከማደብዘዙ በፊት በተነሱት 10 ምስሎች አማካይ ያካፍሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብርሃኑ ይዘላል

ከጂኤፍፒው ከፊሉ ለጊዜው ብቻ ጨልሞ ራሱ ሲነቃ ሊሆን ይችላል። ሙከራውን በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድና በ0.2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ፕሮቲኖቻቸው እንዳይንቀሳቀሱ በታሰሩ (fixed) ሴሎች ላይ ይድገሙት። ፓራፎርማልዴሃይድ ብቻውን የሴል ሽፋን ፕሮቲኖችን ሙሉ በሙሉ አያስርም። እዚያም ብርሃኑ ከዘለለ፣ የዘለለው ከእንቅስቃሴ የመጣ አይደለም።

መገናኛው ይሸነቆራል፣ ሴሎቹ ይከብባሉ

ካልሲየም ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ካድኸሪን ያለ ካልሲየም አይያያዝም። ፌኖል ሬድ የተባለው ቀለም የሌለው፣ 1.8 ሚሊሞላር ካልሲየም ያለው ፈሳሽ ይጠቀሙ።

ውጤቱ ከሴል ሴል ይራራቃል

ከመጠን በላይ ፕሮቲን የሚሠሩትን ደማቅ ሴሎች ይተዉ፤ ደብዘዝ ያሉትን ይምረጡ።

ፍጥነቱ ታወቀ፣ መንገዱ ግን አልታወቀም

ፕሮቲኑ በሽፋኑ ላይ ተንሸራትቶ መጣ ወይስ ተነቅሎ በሌላ ተተካ? በመገናኛው ላይ አንዴ 1፣ አንዴ 2 ማይክሮሜትር ርዝመት ያደብዝዙ። መንሸራተት ከሆነ፣ በ2 ማይክሮሜትሩ ላይ የግማሽ መመለሻው ጊዜ (ከሚመለሰው ብርሃን ግማሹ የሚመለስበት) ወደ 4 እጥፍ ይረዝማል፤ መተካካት ከሆነ እምብዛም አይለወጥም። በጠፍጣፋ ሽፋን ላይ ለተደበዘዘ ክብ ነጥብ የተሠራውን የመንሸራተት ፍጥነት (ዲፊዩዥን) ማስያ ቀመር፣ 0.224 ሲባዛ በራዲየሱ ስኩዌር ሲካፈል ለግማሽ መመለሻ ጊዜው፣ እዚህ አይጠቀሙ፤ መገናኛው ከላይ ሲታይ እንደ ቀጭን መስመር ነው።