ስም ያልተጻፈበት የድሮ ወታደር ዘለበት የማን ሥራ እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ቨርጂኒያ አካባቢ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለምትዞሩ ነው የምጽፈው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865 እ.ኤ.አ.) የሰሜኑ ወታደር ይታጠቀው የነበረው፣ "ዩ ኤስ" የሚሉ ሁለት ፊደላት ያሉበት ሞላላ የቀበቶ ዘለበት እዚያ ያጋጥማችኋል። አንዳንዱ ጀርባው ላይ የሠሪው ስም አለ፤ ለምሳሌ በማሳቹሴትስ የቺኮፒ ከተማው ጌይሎርድ ወይም በኒውዮርክ የብሩክሊኑ ስሚዝ። ብዙው ግን ምንም የለበትም።

መጀመሪያ አትጠቡት። እኔ የመጀመሪያዬን በአቸቶና በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። አብረቀረቀ፣ ግን የፊደሎቹ ጠርዝ ተበልቶ ቀረ፤ ከምንም ጋር ማስተያየት አልቻልኩም። ደግሞ ጀርባው እርሳስ ነው፤ አቸቶ ሲነካው መርዛማ ጨው ይወጣዋል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ ከዚያ እጅ መታጠብ ነው።

ቀጥሎ ኮፒ አለመሆኑን እዩ። እውነተኛው ስስ የናስ ቆርቆሮ ተመትቶ፣ ጀርባው በእርሳስ ተሞልቶ፣ ማያያዣዎቹ እርሳሱ ውስጥ የተተከሉ ነው። ከጀርባው ሁለት የሽቦ ቀለበት ካለው ግን፣ ዘለበት ሳይሆን የጥይት ቦርሳ ጌጥ ነው። እሱንም አትናቁት፤ ፊቱ ያው ስለሆነ ስም ያለበት ከተገኘ ለማስተያየት ይጠቅማል።

አሁን ዋናው ሥራ። ቆርቆሮው የተመታው በብረት ማተሚያ ነው፤ ማተሚያውን ደግሞ ሰው በእጁ ቀርጾታል። ስለዚህ የአንዱ ማተሚያ "ኤስ" ሆዱ ሰፋ ይላል፣ የሌላው ፊደል ወደ ጠርዙ ይጠጋል። ማተሚያው ሲሰነጠቅ ደግሞ በሚመታው ሁሉ ላይ እዚያው ቦታ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ይተዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄን መስመር ነው። ጭረት ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ አታምታቱት። ፎቶ ስታነሱ ስልኩን አታስጠጉ፣ ቅርጹን ያጣምማል። ራቅ ብላችሁ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጣችሁ አንሡና አጉሉት። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከዚያ ስም ካለበት ዘለበት ፎቶ ጋር በአንድ መጠን አድርጋችሁ ደርቡት። ፊደሉና ጠርዙ ሁሉ መግጠም አለበት። ሁለቱ ተመሳስለው የእናንተው በአንድ ሚሊ ገደማ ካነሰ ተጠንቀቁ፤ ከእውነተኛው ላይ ሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ወስደው ያፈሰሱበት የቀለጠ ናስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ለዚህ ካሊፐር (ከሚሊ ያነሰውንም የሚለካ መለኪያ) ግዙ፣ በማስመሪያ አይሆንም።

ማያያዣውን አይቶ ሠሪውን የሚጠራ ሻጭ ብዙ ነው። አትስሙት፤ ማያያዣ ተሰብሮ ይቀየራል።

ከገጠመላችሁ ከየትኛው ጋር እንዳስተያያችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከዘለበቱ ጋር አኑሩ። የኦክ እንጨት መሳቢያ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ልክ እንደ አቸቶው እርሳሱን ይበላዋል።